የቁማርተኛ ሚስት ደብተር፦ የዶስቶየቭስኪ ቤት ከ1867 እስከ 1871

ስለ ቁማር ስናወራ የምናወራው ስለተጫዋቹ ነው። እንዴት ገባበት፣ ስንት ተበላ፣ እንዴት ተላቀቀ። እቤት ቁጭ ብሎ የሚጠብቀው ሰው «ሚስቱም ብዙ ተሰቃየች» ተብሎ በአንድ መስመር ይታለፋል። እኔ ዛሬ ያቺን አንድ መስመር ነው ዘርዘር አድርጌ ማየት የምፈልገው።

የመረጥኩት ጉዳይ የሩሲያዊው ደራሲ የፊዮዶር ዶስቶየቭስኪና የሚስቱ የአና ግሪጎርዬቭና ቤት ነው። የመረጥኩት ሰውየው ዝነኛ ስለሆነ ሳይሆን ማስረጃው ሙሉ ስለሆነ ነው። እሱ ከቁማር ከተሞች ወደ ቤት የጻፋቸው ደብዳቤዎች አሉ። እሷ ደግሞ በዚያው ሰሞን የዕለት ማስታወሻ ትይዝ ነበር፣ በስተርጅናዋም ትዝታዋን ጽፋለች። ቁማር የገባበትን ቤት ባልም ሚስትም በየራሳቸው የመሰከሩበት ታሪክ ብዙ አይገኝም። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከአና በፊት

ችግሩ አና ከመምጣቷ በፊት ነበር። በ1863 ዶስቶየቭስኪ ቪስባደን በምትባል የጀርመን ከተማ ሩሌት (ኳስ በሚሽከረከር ባለቁጥር ጎማ ላይ የት እንደምታርፍ የሚቆመርበት ጨዋታ) ተጫውቶ 10,400 ፍራንክ በላ። ገንዘቡን ሻንጣው ውስጥ ቆልፎ በማግስቱ ከተማውን ለቆ ሊሄድ ቆርጦ ነበር። አልሆነለትም፤ ተመልሶ ገባና ግማሹን አስረከበ። ከተረፈው ላይ የተወሰነውን ወደ ሩሲያ ላከ፤ የመጀመሪያ ሚስቱ ማሪያ በሳንባ ነቀርሳ ታማ ስለነበር ለእሷ እንዲሆን። ከዚያ ባደን-ባደን ሄዶ በእጁ የቀረውን ሁሉ ተበላ። ያኔ ለዘመዶቹ ደብዳቤ ጻፈ፦ ከላክሁት ላይ መልሱልኝ።

እዚህች ላይ ትንሽ ልቆይ። ሰውየው ክፉ አልነበረም። ገንዘብ ሲያገኝ መጀመሪያ ካሰባቸው ሰዎች አንዷ የታመመች ሚስቱ ናት። ግን ብዙም ሳይቆይ የእሷ ድርሻ በአእምሮው ውስጥ እንደገና የጠረጴዛው ገንዘብ ሆነ። ከቁማርተኛ ጋር የኖረ ሰው ይህን ያውቀዋል። ለቤት ኪራይ የተቀመጠ፣ ለልጅ ትምህርት የተቀመጠ፣ ለሕክምና የተቀመጠ የሚባል ነገር ይጠፋል፤ ሁሉም «ለጊዜው ልጠቀምበትና እመልሰዋለሁ» ይሆናል። ያ መጀመሪያ ላይ የበላው ዳጎስ ያለ ገንዘብም ከጭንቅላቱ አልወጣም። አንዴ ሆኗልና እንደገና ይሆናል ብሎ አመነ፤ ተረጋግቼ ከተጫወትኩ ማሸነፌ አይቀርም ይል ነበር። ሂሳቡ ግን መረጋጋትን አይቆጥርም። አንድ ዜሮ ያለው ሩሌት 37 ቦታ አለው፣ ክፍያው ግን 36 ቦታ እንዳለው ተደርጎ የተሠራ ነው። የተረጋጋም የተናደደም ሰው ከሚያስይዘው ላይ በአማካይ 2.7 በመቶ ለቁማር ቤቱ ይተዋል።

ማሪያ በ1864 ሞተች። በዚያው ዓመት ወንድሙ ሚኻይልም ሞተና ዶስቶየቭስኪ የወንድሙን ዕዳ ከነቤተሰቡ ተሸከመ። በ1865 ከአንድ አሳታሚ 3,000 ሩብል ወስዶ አስፈሪ ውል ፈረመ። እስከ ኖቬምበር 1 ቀን 1866 አዲስ ልቦለድ ካላስረከበ አሳታሚው ለ9 ዓመት ሥራዎቹን ያለ ምንም ክፍያ እያተመ ይሸጣል። ጊዜው ሲቃረብ ልቦለዱ ገና አልተጀመረም። በመጨረሻው ወር ስቴኖግራፈር ቀጠረ፤ የሚነገረውን በምልክት ፈጥና የምትይዝ የ20 ዓመት ወጣት። አና ናት። በ26 ቀን ሥራው ተጠናቀቀ። ልቦለዱ ስለ አንድ የሩሌት ቁማርተኛ ነበር፣ ስለዚህ የምታገባውን ሰው ችግር ከማግባቷ በፊት በገዛ እጇ ጽፋዋለች ማለት ነው። በፌብሩዋሪ 1867 ተጋቡ። እሱ 45 ዓመቱ ነበር።

«አንቺ አጠገቤ ብትሆኚ ኖሮ»

በሴንት ፒተርስበርግ አበዳሪው፣ የእንጀራ ልጁ፣ የሟች ወንድሙ ሚስት፣ ሁሉም ገንዘብ ይጠብቁበታል። አዲሶቹ ተጋቢዎች ከዚያ ጫና ለመሸሽ ውጭ አገር መሄድ ፈለጉ፣ መሄጃ ገንዘብ ግን የለም። አና ከቤቷ ይዛ የመጣችውን የቤት ዕቃ፣ ፒያኖና የብር ዕቃ በመያዣ አስያዘች። ትዳሩ ገና ወራት እንኳ አልሞላውም፣ የእሷ ንብረት ሄደ። ያኔ በዚህ አላዘነችም፤ ትዳሬን ላድንበት ብላ ነው ያደረገችው። ለሦስት ወር ብለው በኤፕሪል 1867 ወጡ። የተመለሱት ከአራት ዓመት በላይ ቆይተው ነው።

ድሬስደን ከተማ ትንሽ እንደተቀመጡ እሱ ብቻውን ወደ ባድ ሆምቡርግ ሄደ። ለጥቂት ቀን ብሎ ሄዶ ወደ 10 ቀን ቆየ። በየቀኑ ይጽፋል። ዛሬ በላሁ፣ ዛሬ ተበላሁ፣ ሰዓቴን አስያዝኩ፣ መመለሻ ላኪልኝ። መመለሻውን ላከችለት። እሱንም ተበላ። እንደገና ላከች።

ሲመለስ ያመጣው ማብራሪያ ከገንዘቡ ይልቅ ያሳስበኛል። የተበላሁት አንቺን ብቻሽን ጥዬሽ ሄጄ ስለተጨነቅሁ ነው፣ አብረን ብንሆን ረጋ ብዬ እጫወትና አሸንፍ ነበር አላት። አና አመነችው። ማመኗ አይገርመኝም። ፍቅር አለበት፣ ናፍቆት አለበት፣ «ለእኔ ብሎ ነው» የሚያሰኝ ነገር አለበት። ግን ምን እንደተደረገ እዩ፤ የመበላቱ ምክንያት ከጠረጴዛው ተነስቶ ወደ ሚስቱ መጣ። ከዚያ በኋላ እሷ የምትጠብቅ ሰው ብቻ አይደለችም፣ ለመፍትሔው ኃላፊነት የተሰጣት ሰው ሆናለች። አብራው መሄድ አለባት። በጁላይ 1867 ተያይዘው ባደን-ባደን ገቡ። አና እርጉዝ ነበረች።

ባደን ላይ የተከራዩት ከብረት ቀጥቃጭ ቤት በላይ ያሉ ሁለት ክፍሎችን ነው። መዶሻው ሌሊት 10 ሰዓት ይጀምራል። እሱ ወደ ጨዋታው ይሄዳል፣ እሷ እያቅለሸለሻት ክፍሉ ውስጥ ትቀመጣለች። መጀመሪያ ተሳካለት፤ በሦስት ቀን አካባቢ ውስጥ 4,000 ፍራንክ በላ። አና በቃን፣ በዚህ ረክተን አሁኑኑ እንሂድ ብላ ለመነችው። ይህንን ኋላ ለጓደኛው በጻፈው ደብዳቤ እሱ ራሱ አምኗል። አልሄዱም፤ ሁሉንም ዕዳ በአንዴ መዝጋት የሚቻል መስሎት ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆነው ቁልቁለት ነው። ገንዘቡ አለቀ። ለሠርጓ የሰጣት አልማዝና ሩቢ ያለበት ጉትቻና የደረት ጌጥ ተያዘ። የጋብቻ ቀለበቶቻቸው ተያዙ። የእሷ ቀሚስና ሻል፣ የእሱ ኮት ተያዘ። አንዳንዱን ያስመልሳሉ፣ መልሰው ያስይዛሉ። ጉትቻውና የደረት ጌጡ ግን ሳይመለሱ ቀሩ። እሱ ባዶ እጁን ሲመጣ ጉልበቷ ሥር ይወድቃል፣ ያለቅሳል፣ ራሱን ይሰድባል፣ ይቅር በይኝ ይላታል። እሷ ታረጋጋዋለች። ቀጥሎ ከቀረችው ላይ ትንሽ ስጪኝ ይላታል። ትሰጠዋለች።

ይህን የማረጋጋት ሥራ ሰው አይቆጥረውም። የተጎዳችው እሷ ሆና የምታጽናናውም እሷ ናት። የሚጥል በሽታም ስላለበት ብናደድበት፣ ብጮህበት ይነሳበታል ብላ ትሰጋለች፣ ስለዚህ ንዴቷን ትውጣለች። ታዲያ የት ይሂድ? ወደ ደብተሯ ሄደ። ባሏ ማንበብ በማይችለው በስቴኖግራፊ ምልክት ትጽፋለች፤ ስንት ቀረ፣ ስንት ወሰደ፣ ምን ተያዘ፣ መቼ አለቀሰች። ከ40 ዓመት በላይ ቆይታ የጻፈችው ትዝታ የለሰለሰና ይቅር ያለ ነው። የዚያን ጊዜው ደብተር ግን ምሬትም፣ ስልቸታም፣ እንባም አለበት። ሁለቱም እውነት ናቸው ብዬ ነው የማስበው። ነገር ግን ዛሬ እዚያ ሁኔታ ውስጥ ያለች ሴት «የትዕግሥተኛዋ ሚስት» ታሪክ ሲነገራት የምትሰማው ትዝታውን ብቻ ነው። ከደብተሩም ሊነበብላት ይገባል።

ከባደን ያወጣቸው የአና እናት የላኩት ገንዘብ ነው።

ስንት ሰው ነው የተጎዳው?

እስኪ እንቁጠር። አና አለች። ከሩሲያ ገንዘብ የሚልኩት እናቷ አሉ። ከእሱ ተቆራጭ የሚጠብቁት የእንጀራ ልጁና የወንድሙ ሚስት ከነልጆቿ አሉ። ደጋግሞ የሚበደራቸው ጓደኞቹ አሉ። ገና ላልጻፈው ሥራ ቅድሚያ የከፈለው የመጽሔት አዘጋጅ አለ። ኪራይዋን የምትጠብቅ አከራይ አለች። በ2017 አውስትራሊያ ውስጥ የታተመ ጥናት ቁማር ከባድ ችግር የሆነበት አንድ ሰው በአማካይ ሌሎች 6 ሰዎችን ይነካል ብሎ ነበር። ከ100 ዓመት በላይ ቀድሞ የነበረው የዚህ ቤት ቁጥር ከዚያ አያንስም።

ከባደን ቀጥሎ ጄኔቫ ነው። ከዚያም ሳክሶን-ሌ-ባን ወደሚባል የሩሌት ቦታ ይመላለስ ነበር። በማርች 1868 የመጀመሪያ ልጃቸው ሶንያ ተወለደች። አንድ ወር አካባቢ ሲሆናት እንደገና ሄዶ ተበላ፣ እንደገናም ላኪልኝ ብሎ ጻፈ። በሜይ ሶንያ በሳንባ ምች ሞተች፣ ሦስት ወር እንኳ አልሞላትም። ቁማሩ ገደላት እያልኩ አይደለም፤ በዚያ ዘመን ብዙ ሕፃን እንዲህ ይሞት ነበር። ማለት የምፈልገው ሌላ ነው። አራስ ሴት አዲስ ልጅ ታቅፋ፣ ባሏ ሌላ ከተማ ሆኖ የሚጽፈው ደብዳቤ ምን ይዞ እንደሚመጣ መጠበቅ የለባትም። ቁማር ከቤተሰብ የሚወስደው ብር ብቻ አይደለም። ሰውየው በአካል ቢኖርም ሐሳቡ ሌላ ቦታ የሆነባቸው ቀኖች አሉ፤ እነሱን ማንም በመያዣ አስይዞ አያስመልሳቸውም።

በሽታ ነው ያለችው እሷ ናት

አና በትዝታዋ ላይ አንድ ነገር ትላለች። መጀመሪያ ይህን ሁሉ መከራ የቻለ ጠንካራ ሰው እንዴት ራሱን መግታት ያቅተዋል ብላ ግራ ገብቷት ነበር። ብዙም ሳይቆይ ግን ነገሩ ተራ የፈቃድ ድክመት እንዳልሆነ፣ ሰውን እንዳለ የሚውጥ ስሜት እንደሆነ፣ መድኃኒት እንደሌለው በሽታ መታየት እንዳለበት ገባት። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር ቁማርን በምርመራ መመሪያው ውስጥ እንደ ሕመም ያስገባው በ1980 ነው። በ2013 ደግሞ ከአልኮልና ከሌሎች ሱሶች ጎን አስቀመጠው። የ20 ዓመቷ ወጣት ቀድማ ደርሳበታለች። መድኃኒት የለውም ያለችው ግን ዛሬ አይሠራም፤ የንግግር ሕክምና፣ በተለይ አስተሳሰብና ልማድ ላይ የሚያተኩረው፣ ብዙ ሰው ይረዳል።

ያው መመሪያ ከሚዘረዝራቸው 9 ምልክቶች መካከል አንዱ ከገንዘብ ጣጣ እንዲያወጡት በሌሎች ላይ መደገፍ ነው። ሌላው የተበላውን ለማስመለስ ተመልሶ መሄድ። ሌላው መዋሸት። በ12 ወር ውስጥ አራቱ ከታዩ በቂ ነው። ዶስቶየቭስኪ አናን ብዙም አይዋሻትም ነበር፣ ሁሉን ይናዘዝላታል። ውሸቱ ግን አልጠፋም፣ ቦታ ቀየረ። ባልና ሚስት አንድ ላይ ሆነው ከሌላው ሰው መደበቅ ጀመሩ። ብዙ ቤት የሚሆነው ይሄ ነው። ሚስት ለወላጆቿ ትዋሻለች፣ ለመሥሪያ ቤቱ አሞታል ብላ ትደውላለች፣ ለልጁ አባባ ሥራ በዝቶበት ነው ትለዋለች። ምስጢር ጠባቂ ስትሆን ደግሞ የሚረዳት ሰው ታጣለች፤ ያልነገርሽው ሰው አይደርስልሽም።

100 ታለር ከ300

በኤፕሪል 1871 ድሬስደን ናቸው። በ1869 የተወለደችው ሁለተኛ ልጃቸው ሊዩቦቭ እየተራመደች ነው፣ አና ሦስተኛውን አርግዛለች። እናቷም አብረዋቸው ናቸው። እሱ በጣም ተጨንቋል፣ ሥራው አልሄድ ብሎታል። አና ራሷ ቪስባደን ሄደህ ለምን አትሞክርም አለችው። እንደሚበላ እያወቀች ነው ያለችው። ተበልቶ ሲመለስ ጭንቀቱ እንደሚወጣለትና መጻፍ እንደሚጀምር አይታለች። በእጃቸው 300 ታለር (የያኔው የጀርመን ገንዘብ) ነበር፤ 100 ሰጠችው። ለእናቷ ሌላ ሰበብ ተነገራቸው።

100ውን ተበላ። ለመመለሻ 30 ላከችለት፣ ተበላ። ሌላ 30 ላኪ አለ። ኤፕሪል 28 የጻፈው ደብዳቤ የታወቀ ነው፤ ለ10 ዓመት ያሠቃየኝ ነገር አበቃ፣ ከእንግዲህ ለሥራና ለእናንተ ነው የምኖረው ይላል። እንዲህ ያለ ቃል ከዚያ በፊትም ብዙ ጊዜ ገብቷል። ይኼኛው ግን ጸና። በ1881 መጀመሪያ እስኪሞት ድረስ ሩሌት አልነካም።

ብዙ ሰው ከዚህ የሚያወጣው ትምህርት «ፍቅሯና ትዕግሥቷ አዳነው» የሚል ነው። እኔ በዚህ አልስማማም፣ ለአንባቢም አደገኛ ይመስለኛል። አራት ዓመት ሙሉ ታገሰች፣ አራት ዓመት ሙሉ ገንዘብ ሰጠች፣ አራት ዓመት ሙሉ ተጫወተ። ትዕግሥት ብቻውን ቢያድን ባደን ላይ ያድነው ነበር። እሷን መውቀሴ አይደለም። አገሩ የእሷ አይደለም፣ እርጉዝ ናት፣ የራሷ ገቢ የላትም፣ አማካሪ የላትም። ግን ያደረገችው ሁሉ ለሌላው ምሳሌ ይሁን ማለት ሌላ ነገር ነው።

ያኔ ምን ተለወጠ? አንደኛ ነገር፣ በ1867 ያላቸው ሁሉ ነበር ጠረጴዛው ላይ የሚሄደው። በ1871 ግን ገንዘቡ በእሷ እጅ ነው፣ ከ300ው 200ውን ይዛ ቀርታለች። እኔ ከሁሉ በላይ የማየው ይህችን ነው። ሁለተኛ፣ በዚያው ዓመት ጁላይ ወደ ሩሲያ ተመለሱ፤ ሩሌት በአጠገባቸው አልነበረም። ሦስተኛ፣ ሰዎች የሚረሱት፣ ጀርመን ውስጥ ያሉት የቁማር ቤቶች በ1872 መጨረሻ በሕግ ተዘጉ። ዶስቶየቭስኪ ከ1874 ጀምሮ ለደረቱ ሕክምና ደጋግሞ ወደ ባድ ኤምስ ሄዷል፣ እዚያም ጨዋታው ተዘግቶ ነበር። ቃሉን መጠበቁ ትልቅ ነገር ነው፣ አልቀንስበትም። ግን ፈተናውም ከመንገዱ ተነስቶለታል። ዛሬ ቁማሩ ስልክ ውስጥ ነው፣ ትራስ ሥር ያድራል። ለዚያ ነው ቤተሰብ «ቃል ገብቷል» ብሎ ብቻ መቀመጥ የሌለበት።

ፒተርስበርግ ሲመለሱ የጠበቃቸው ዕዳ ወደ 25,000 ሩብል ነው። አብዛኛው ከወንድሙ የመጣ ነው፣ ግን ያንን ሊከፍል ይችል የነበረው ገንዘብ ሩሌት ላይ ቀርቷል። አበዳሪዎች ሲመጡ አና ፊት ለፊት ተቀመጠች። አንዱ ንብረት አስወስዳለሁ፣ ባልሽንም አሳስራለሁ ሲላት፣ ቤቱ በእኔ ስም ነው የተከራየው፣ ዕቃው በዱቤ በእኔ ስም ነው የተገዛው፣ ባሌም እስር ቤት ከገባ ምንም አታገኝም አለችው። አበዳሪው በየጊዜው ትንሽ ትንሽ እንዲከፈለው ተስማማ። በ1873 ባሏ የጻፈውን ልቦለድ ራሷ አሳትማ ራሷ መሸጥ ጀመረች። ዕዳው ተከፍሎ ያለቀው እሱ ሊሞት አንድ ዓመት አካባቢ ሲቀረው ነው።

ዛሬ በአና ቦታ ላለ ሰው

እኔ ብጠየቅ ከ1867ቷ አና ይልቅ ከ1871 በኋላ ያለችውን ተከተሉ ነው የምለው። ቤቱን በስምሽ፣ ቁጠባውን በስምሽ፣ እሱ በማይደርስበት ሒሳብ። በእሱ ብድር ላይ ዋስ ሆነሽ አትፈርሚ። ዕዳ መክፈል ግድ ከሆነ ገንዘቡ በእሱ እጅ አይለፍ፣ በቀጥታ ለአበዳሪው ይሂድ፤ የአና መመለሻ 30 ታለር የት እንደገባ አይተናል። እሱ ፈቃደኛ ከሆነ የቁማር ድርጅቶቹ ራሱን እንዲያግዱለት መጠየቅ ይችላል፣ አንዳንድ ባንኮችም የቁማር ክፍያን ይዘጋሉ። ይህ ሁሉ ለባልም፣ ለእናትም፣ ለወንድምም ይሠራል።

ልጆች ካሉ ሁሉን አትዘርዝሩላቸው፣ ግን አትዋሹአቸውም። አባት አንድ ችግር አለበት፣ እየታገለው ነው፣ ጥፋቱ የእናንተ አይደለም ማለት ይበቃል። ልጅ ቤት ውስጥ ያለውን ጭንቀት ሳይነገረውም ያውቀዋል፣ ካልተነገረው ምክንያቱን ራሱ ላይ ይፈልገዋል።

አንድ ነገር ደግሞ በግልጽ መባል አለበት። ብዙ የተበላና ዕዳው የተጋለጠበት ሰው ራሱን የማጥፋት ሐሳብ ሊመጣበት ይችላል። ዝም አትበሉ፣ ጠይቁት። መጠየቅ ሐሳቡን አያስገባበትም። አዎ ካለ ብቻውን አትተዉት፣ ሐኪም ጋ ውሰዱት።

ለራስ የሚሆን እርዳታ ለመፈለግም እሱ እሺ እስኪል መጠበቅ አያስፈልግም። የቁማርተኞች ቤተሰቦች እርስ በርስ የሚረዳዱበት ጋም-አኖን የሚባል ማኅበር ከ1960 ጀምሮ አለ፤ ተጫዋቹ ቢያቆምም ባያቆምም ቤተሰቡ ይገባል። እንዲህ ያለ ቡድን በሌለበትም አንድ የሥነ ልቦና ባለሙያ፣ ወይም አንድ የምታምኑት ምስጢር ጠባቂ ዘመድ ይበቃል ለመጀመር። የመጀመሪያ ቀጠሮው የእሱ መሆን የለበትም። የአንቺ ይሁን፣ ስንት ቀረ፣ ስንት ተያዘ፣ መቼ አለቀስኩ የሚለውን ደብተር ይዘሽ ሂጂ።